ከመታሸታችሁ በፊት የሚጠየቀው ጥያቄ ከየት መጣ?

ሰሞኑን በውስጥ መስመር ደጋግማችሁ ከጠየቃችሁኝ ጥያቄዎች አንዱ “ዶክተር፣ ማሳጅ ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል?” የሚል ነው። በሁለት መስመር መልሼ ማለፍ እችል ነበር። ግን አንዲት ታካሚዬ የገጠማትን ካየሁ በኋላ ዛሬ ትንሽ ረዘም አድርጌ፣ ታሪኩንም ጨምሬ ላጫውታችሁ ፈለግኩ። ቡና ይዛችሁ አንብቡት።

እናትየዋ ከወለደች ገና ሦስተኛ ሳምንቷ ነው። እህቶቿ “በጣም ደክሞሻል፣ ወጣ ብለሽ ሰውነትሽን ፍቺ” ብለው ሰፈራቸው አጠገብ ካለ ማሳጅ ቤት ቀጠሮ ያዙላት፤ ሒሳቡንም ቀድመው ከፈሉ። የግራ እግሯ ባት ለጥቂት ቀናት ሲያማት ነበር። “የእርግዝናው ነው፣ ሲታሽ ይለቅሻል” ብለዋታል። የምታሸው ልጅ ግን ወዲያው አላስተኛቻትም። መቼ እንደወለደች፣ በኦፕራሲዮን መሆን አለመሆኑን፣ የሚያማት ቦታ ካለ ጠየቀቻት። ከዚያ ሁለቱን እግሮች ጎን ለጎን አስቀምጣ አየች። ግራው ከቀኙ አብጧል፣ ሲነካም ይሞቃል። “እኔ ይህን እግር አልነካም፤ ዛሬውኑ ሆስፒታል ሂጂ” አለቻት። እህቶቿ ተቆጡ፤ “ከፍለን መጥተን እንዴት እንመለሳለን?” አሉ። በአልትራሳውንድ ሲታይ በጥልቁ የእግር ደም ሥር ውስጥ የረጋ ደም ተገኘ።

እንዲህ ያለ እግር በደንብ ቢታሽ የረጋው ደም ተነቅሎ ወደ ሳንባ ሊሄድ ይችላል። ሳንባ ላይ የደረሰ ትልቅ የረጋ ደም በደቂቃዎች ውስጥ ሰው ይገድላል።

ልጅቷ ሐኪም አይደለችም፤ ሦስት ጥያቄ ብቻ ነው የጠየቀችው። እኔም “ይህን ልማድ ማን አስተማራት?” ብዬ ሳስብ ወደ ኋላ ብዙ ዘመን ተጓዝኩ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት፣ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ከራሳችን እንጀምር። በአገራችን ማሸት ከስፓ ጋር የመጣ ነገር አይደለም። ሕፃን ታጥቦ፣ ቅቤ ተቀብቶ፣ እጅና እግሩ እየተሳበ ሲታሽ ያላየ ማን አለ? አራስም ትታሻለች። እግሩ ወለም ያለው ደግሞ ወደ ወጌሻ ይሄዳል። ወጌሻ የሚለው ስም ምን ያህል የከበረ እንደሆነ ለማወቅ የእግር ኳስ ስርጭት አድምጡ። ተጫዋች ሜዳ ላይ ሲወድቅ ቦርሳ ይዞ የሚሮጠውን ባለሙያ፣ የፊዚዮቴራፒ ዲግሪ ቢኖረውም እንኳ፣ ጋዜጠኞቻችን ዛሬም “ወጌሻው ገባ” ነው የሚሉት።

ሙቅ ውሃውም የራሳችን ነው። አፄ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ እንጦጦ ላይ ሳሉ ወደ ፍልውሃው እየወረዱ ይታጠቡ ነበር። ቦታው ለእቴጌ ስለተስማማቸው በአካባቢው ቤት ተሠራ፤ በ1879 ዓ.ም. ገደማም አዲስ አበባ የሚለውን ስም አወጡለት። ዋና ከተማችን የተቆረቆረችው በመታጠቢያ ዙሪያ ነው ብል ብዙም አላጋነንኩም። ሶደሬና ወንዶ ገነትም “ቁርጥማት ያስለቅቃል” ተብሎ ስንቱ እንደሚሄድ ታውቃላችሁ። (ስፓ የሚለው ቃል ራሱ ከቤልጅግ የመጣ ነው። በማዕድን ውሃዋ የታወቀች ስፓ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች፤ በእሷ ስም ነው ዛሬ የምንጠራው።)

ነገር ግን ወላጆች፣ ስለ ወጌሻ ካነሳን አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ልጅ ከአጥር ወይም ከዛፍ ላይ እጁን ዘርግቶ ይወድቃል፤ ክርኑ ያብጣል። ቤት ውስጥ “ወለምታ ነው” ይባልና ይታሻል። ካልተሻለው ወጌሻ ጋ ይወሰዳል። ወጌሻው በስንጥር እንጨት ወይም በቀርከሃ ጥብቅ አድርጎ ያስረዋል። በእርግጥ ወለምታ ከሆነ ይድናል፤ ወጌሻውም ይመሰገናል። ስብራት ከሆነ ግን ከእስሩ በታች ያለው ሥጋ ያብጣል፤ እብጠቱ መሄጃ ሲያጣ የደም ሥሩን ይጫናል። ደም ያልደረሰው ጡንቻ ከስድስት ሰዓት ገደማ በኋላ መሞት ይጀምራል። በአገራችን ሆስፒታሎች የልጆች እጅና እግር የሚቆረጥበት አንዱ ዋና ምክንያት ይኸው ጥብቅ እስር ያመጣው ጋንግሪን እንደሆነ ሐኪሞቻችን በተደጋጋሚ ጽፈዋል። ልጁ ታስሮ ሳለ ጣቶቹ ከገረጡ ወይም ከጠቆሩ፣ ከቀዘቀዙ፣ ከደነዘዙ፣ ወይም ጣቱን ቀስ ብላችሁ ስትዘረጉት ክፉኛ ከጮኸ “ነገ ይሻለዋል” አትበሉ። እስሩን ወዲያው ፍቱና በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ውሰዱት።

ይህን ያልኩት ወጌሻን ለመሳደብ አይደለም። ብዙዎቹ ጣታቸው የሚያይ ሰዎች ናቸው። የጎደለው ከመንካት በፊት “ይህ የእኔ ሥራ ነው ወይስ የሌላ?” ብሎ የሚለይበት መንገድ ነው። ያ መንገድ ሌላውም ዓለም ዘንድ ለረጅም ዘመን አልነበረም።

ግብፅ ሳቃራ ውስጥ የአንክማሆር መቃብር የሚባል አለ፤ ዕድሜው ከአራት ሺህ ዓመት በላይ ነው። ግድግዳው ላይ ሰዎች የሌሎችን እጅና እግር ይዘው ሲሠሩ ተቀርጿል። ብዙዎች የማሸት ሥዕል ነው ይላሉ፤ ጥፍር እየተስተካከለ ነው የሚሉም አሉ። የሂፖክራተስ ትምህርት ቤት ሐኪሞች ደግሞ የወለቀ ትከሻ ከተመለሰ በኋላ በለስላሳ እጅ መታሸት እንዳለበት ጽፈዋል። የጴርጋሞኑ ጋለን በወጣትነቱ ለግላዲያተሮች ሐኪም ነበር። ጠንካራ፣ ለስላሳ፣ ብዙ፣ ጥቂት እያለ የማሸት ዓይነቶችን ለይቶ ጽፏል። በ11ኛው ክፍለ ዘመን ኢብን ሲና በታላቁ የሕክምና መጽሐፉ ውስጥ ቦታ ሰጥቶታል። በእነዚህ ሰዎች ዘንድ ማሸት የሐኪሙ የራሱ እጅ ሥራ፣ ወይም በሐኪሙ ትእዛዝ የሚሠራ ነገር ነበር።

ሙያው ለብቻው ቆሞ የሰው እንጀራ ሲሆን ለማየት ጃፓን ጥሩ ምሳሌ ናት። በ17ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ሱጊያማ ዋይቺ ዓይነ ስውር ነበር። አኩፓንክቸር ተምሮ እስከ ገዥው ቤተ መንግሥት ድረስ የታወቀ ባለሙያ ሆነ፤ ለዓይነ ስውራንም የአኩፓንክቸርና የማሸት ትምህርት ቤት አቋቋመ። ከዚያ በኋላ ማሸት በጃፓን በአብዛኛው የዓይነ ስውራን መተዳደሪያ ሆኖ ኖረ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላም፣ በ1947 የወጣ ሕግ ያለ ፈቃድ ማንም ሰውን በሙያ እንዳያሽ ከለከለ። ዛሬም እዚያ ዓይነ ስውራን ተምረውና ተፈትነው በፈቃድ ይሠራሉ። ለልጃችሁ የዓይን ችግር ተስፋ የቆረጣችሁ ወላጆች ካላችሁ ይህን በልባችሁ ያዙት።

አውሮፓ ውስጥ ነገሩ በሌላ በር ገባ። ስዊድናዊው ፔር ሄንሪክ ሊንግ በ1813 ስቶክሆልም ውስጥ የጂምናስቲክ ተቋም ከፈተ፤ ትኩረቱ እንቅስቃሴ ላይ ነበር። በየማሳጅ ቤቱ ዝርዝር ላይ “ስዊድሽ ማሳጅ” የምትሉት ስም ከእሱ ጋር ይያያዛል። እውነቱ ግን ዛሬ የምናውቀውን መደብስ፣ መጨመቅ፣ መደብደብ እያለ የመደበው ሆላንዳዊው ሐኪም ዮሃን ጆርጅ ሜዝገር ነው። በ1868 የመመረቂያ ጽሑፉን የሠራው የተወለመ ቁርጭምጭሚትን በማሸት ስለማከም ነበር። እንግዲህ የወጌሻን ሥራ ይዞ ነው ዶክተር የሆነው!

አሜሪካ ውስጥ ደግሞ የፊላደልፊያው ሐኪም ሲላስ ዊየር ሚቸል በ1870ዎቹ የደከማቸውና የተጨነቁ ሴቶችን በእረፍት፣ በብዙ ምግብና በማሸት ማከም ጀመረ። ሕክምናው ወደ እንግሊዝ ተሻገረና ፋሽን ሆነ። ሀብታሞች ማሸት የምትችል ነርስ ይፈልጉ ጀመር። ፍላጎት ሲበዛ ምን እንደሚከተል እናንተም ታውቁታላችሁ። ለንደን ውስጥ “ማሳጅ” የሚል ታፔላ የሰቀሉ ቤቶች እንደ እንጉዳይ ፈሉ።

በ1894 ብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል ከእነዚህ ቤቶች አንዳንዶቹ በማሳጅ ስም የሴተኛ አዳሪ ቤት መሆናቸውን ጻፈ። ነገሩ ትልቅ ቅሌት ሆነ። በቅን የሚሠሩት ነርሶች ስማቸው አብሮ ጠፋ። ሉሲ ሮቢንሰን፣ ሮዛሊንድ ፓጄት፣ ኤልሳቤጥ ማንሊ እና ማርጋሬት ፓልመር የሚባሉ አራት ነርሶችና አዋላጆች ግን ሙያቸውን ጥለው አልሄዱም። በዚያው ዓመት የሠለጠኑ የማሳጅ ባለሙያ ሴቶች ማኅበር አቋቋሙ፤ ፈተና አዘጋጁ፤ አራት ደንብም አወጡ። ያለ ሐኪም ትእዛዝ ማሸት የለም። ለወንዶች ሙሉ ሰውነት ማሸት የለም፤ ለአጣዳፊ ሕመም ሐኪም በተለይ ካልጠየቀ በቀር። ከሕክምና ጋዜጦች ውጭ ማስታወቂያ የለም። ለታካሚ መድኃኒት መሸጥ የለም።

እነዚህን ደንቦች ሳነብ አንዳንዱ አሳቀኝ፣ አንዳንዱ አስደነቀኝ። ወንዶችን የሚመለከተው የዚያ ዘመን ጣጣ ነው፤ ራሱን ለመከላከል የተጨነቀ ሰው የሚያወጣው ደንብ ነው። ማስታወቂያውም ዛሬ በቴሌግራምና በቲክቶክ ዘመን አይሠራም። አራተኛውን ግን ተመልከቱት። ከመቶ ሠላሳ ዓመት በፊት እነዚያ ሴቶች እጅ የሚያሽ ሰው መድኃኒት መሸጥ ሲጀምር ምን እንደሚመጣ ገብቷቸው ነበር። በእኛ ከተማ ከማሳጁ በኋላ “ስብ የሚያቃጥል ሻይ”፣ “ኩላሊት የሚያጥብ” ዱቄት፣ ስሙ የማይታወቅ ክሬም የሚሸጥላችሁ ቤት ካለ እነዚያ አራት ነርሶች አባል አድርገው አይቀበሉትም ነበር። ውስጡ ስቴሮይድ ያለበት ክሬም ፊታቸውን ያበላሸባቸውን ታካሚዎች ስላየሁ ነው እንዲህ አጥብቄ የምናገረው።

የመጀመሪያው ደንብ ደግሞ የዚያች የሰፈር ባለሙያ ጥያቄ አያት ነው። “ሐኪም ካላዘዘ አልነካም” ማለት በሌላ ቋንቋ “ምን እንዳለብሽ ሳላውቅ አልነካሽም” ማለት ነው።

ማኅበሩ አደገ። በ1914 ጦርነቱ ሲፈነዳ አልሜሪክ ፓጄትና ባለቤታቸው በ50 የሠለጠኑ ሴቶች የጀመሩት የማሳጅ ቡድን በየወታደር ሆስፒታሉ ተሰማራ። ጥይት ነርቩን የቆረጠበት፣ መገጣጠሚያው የደረቀበት ወታደር በእነሱ እጅ እንደገና መንቀሳቀስ ተማረ። በውጊያ ዓይናቸውን ያጡ ወታደሮችም ሴንት ደንስታን በሚባለው ተቋም ማሸትን ተምረው ራሳቸውን ቻሉ፤ የሱጊያማ ሐሳብ ከጃፓን ውጭም እንደሚሠራ ታየ። በ1920 ማኅበሩ የንጉሥ ፈቃድ አገኘ፤ ወንዶችም ገቡ። በ1944 ስሙ ተለውጦ የፊዚዮቴራፒ ማኅበር ተባለ።

ይህ የስም ለውጥ ትንሽ ነገር አይምሰላችሁ። “ማሳጅ” የሚለው ቃል ከስሙ ወጣ። እንቅስቃሴውና ሕክምናው ከነጥያቄው፣ ከነፈተናው ወደ ሆስፒታል ገባ፤ ዛሬ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ጭምር የሚሰጠው የፊዚዮቴራፒ ትምህርት የዚያ ዘር ነው። ዘና የሚያደርገው ማሸት ደግሞ ወደ ሆቴሉ፣ ወደ ውበት ሳሎኑ፣ ወደ ሰፈራችን ስፓ ሄደ። አብዛኛውን ጊዜ እጁ ሄደ፣ ጥያቄው ቀረ። በእኔ ግምት የዛሬው ችግር ሁሉ ከዚህ ይመነጫል።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄያችሁ ልመለስ፤ ይጠቅማል ወይ? ይጠቅማል፤ በልኩ። የወገብና የአንገት ጡንቻ ሕመምን ለጊዜው ያስታግሳል፣ ጭንቀት ይቀንሳል፣ ለብዙ ሰው እንቅልፍ ይሰጣል። ሕፃናት ላይም አስገራሚ ነገር ታይቷል። በ1986 አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ቲፋኒ ፊልድና ባልደረቦቿ ያለጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናትን በቀን ሦስት ጊዜ፣ በየጊዜው ለ15 ደቂቃ እያሹና እጅ እግራቸውን እያንቀሳቀሱ ለዐሥር ቀን ተከታተሉ። የታሹት ካልታሹት ይልቅ በየቀኑ 47 በመቶ የበለጠ ክብደት ጨመሩ። የሕፃናቱ ቁጥር ትንሽ ነበር፤ የተሠራውም ሆስፒታል ውስጥ፣ በባለሙያ እጅ ነው። ቢሆንም እናቶቻችን ሕፃን ሲያሹ ከንቱ ልማድ አልያዙም ማለት ነው። ለስለስ ባለ እጅ ይሁን፤ እርግብግቢቱን (የአናቱን ለስላሳ ቦታ) አትጫኑ፣ አፍንጫውን ለማስረዘም አትጎትቱ፣ እጅና እግሩንም አንጠልጥላችሁ አታወዛውዙ።

የማይሠራውንም ልንገራችሁ። ማሳጅ ቦርጭ አያቀልጥም። “መርዝ ከሰውነት ያስወጣል” የሚባለው ማስታወቂያ ነው፤ ያ የጉበትና የኩላሊት ሥራ ነው። የተንሸራተተ ዲስክ በእጅ ተገፍቶ ወደ ቦታው አይመለስም። አንገት በኃይል ተጠምዝዞ “ቋ” ሲል ደስ ይላል፤ አልፎ አልፎ ግን ወደ አንጎል የሚሄድ የደም ሥር ተቀዶ ስትሮክ ያመጣል። ስለዚህ አንገታችሁን ለማንም አትስጡ። እርጉዝ ሆድን “ልጁን ለማስተካከል” ማሸትም የእንግዴ ልጁን ከማኅፀን ሊያላቅቅ ይችላልና ይቅርባችሁ፤ የጽንሱ አቀማመጥ ካሳሰባችሁ ክትትል የምታደርጉበት ቦታ ሄዳችሁ አስታዩ።

ከምታነቡኝ መካከል ማሳጅ ቤት ያላችሁ፣ ወይም ልትከፍቱ ያሰባችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ አንዳንዶቻችሁ ጽፋችሁልኛል። አልጋውና ሻማው ሳይሆን በር ላይ የምትጠይቁት ነገር ነው ቤታችሁን የሚያስከብረው። አንድ ገጽ ወረቀት ይበቃል። በቅርቡ ወልደሻል ወይስ ነፍሰ ጡር ነሽ? ኦፕራሲዮን ተደርጎልህ፣ ተሰብረህ ወይም ረጅም በረራ አድርገህ ነበር? ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ትወስዳለህ? ግፊት፣ ስኳር፣ የልብ ሕመም፣ ካንሰር አለብህ? የሚያብጥ፣ የሚሞቅ፣ የሚደነዝዝ ቦታ አለ? የስኳር ሕመምተኛ እግሩ ከደነዘዘ የጋለ ድንጋይ ሲያቃጥለው አይሰማውም። ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው በጠንካራ እጅ ቢታሽ ሰውነቱ በቀላሉ ሊበልዝ ይችላል። ስቲምና ሞሮኮ ባዝ ለነፍሰ ጡር፣ ያልተስተካከለ ግፊት ላለበትና ጠጥቶ ለመጣ ሰው አይሆንም። ትኩሳት ያለበት ሌላ ቀን ይምጣ። ጭርትና እከክ ያለበትንም በትሕትና መልሱት፤ አንሶላና ፎጣ ደግሞ ለእያንዳንዱ ሰው ይቀየር፣ በሙቅ ውሃ ይታጠብ። ዕጢ ወይም ያልታወቀ እብጠት ካገኛችሁ አታሹት፤ “ሐኪም ይየው” በሉ።

እናንተ ደንበኞችም ስትሄዱ ማንም ምንም ካልጠየቃችሁ ራሳችሁ ተናገሩ። “ጠንከር አድርጊው፣ ገንዘቤ ነው” እያላችሁ ባለሙያዋን አታስጨንቋት። የሚታሸው ቦታ የትኛው እንደሆነ፣ የትኛውስ ልብስ እንደማይወልቅ የምትወስኑት እናንተ ናችሁ፤ ያልወደዳችሁት ነገር ከተደረገ በማንኛውም ደቂቃ ተነስታችሁ መውጣት ትችላላችሁ። ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ከሆነ ወላጅ ክፍሉ ውስጥ ይቀመጥ። አንዱ እግር ብቻ ካበጠ፣ ባቱ ከታመመና ከሞቀ፣ በተለይ ከወሊድ፣ ከኦፕራሲዮን ወይም ከረጅም ጉዞ በኋላ ከሆነ ጭራሽ ወደ ማሳጅ ቤት አትሂዱ። ትንፋሽ ማጠር ወይም የደረት ውጋት ከተጨመረበት በዚያው ደቂቃ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።

ያቺ እናት መድኃኒቷን ለሦስት ወር ወስዳ ጨርሳለች። ልጇም አድጎ መቀመጥ ጀምሯል። ማሳጅ ቤቱ እህቶቿ የከፈሉትን ገንዘብ ይዞላት ስለነበር ባለፈው ወር እኔን ጠይቃ፣ እሺ ስላት ሄደች። ልጅቷ አወቀቻት፤ ሰላም ብላት ወረቀቱን እንደ አዲስ ሰጠቻትና “ሁሉንም ሙይው” አለቻት።